ስም የሚሸጥበት ሜዳ፦ የአሜሪካ ኮሌጅ ስፖርተኞችና የስማቸው ገቢ

አላባማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል የሚጫወት ጋኩዊንሲ ማኪንስትሪ የሚባል ልጅ ነበር። በዚህ ስም የሚያውቀው ግን ጥቂት ሰው ነው። ሲወለድ ፈገግታውን ያዩት አያቱ በውሃ ተበጥብጦ በሚጠጣ የዱቄት ጭማቂ ስም «ኩል ኤድ» አሉት። እንደዚያው ቀረ። በ2021 የጭማቂው ኩባንያ ራሱ መጥቶ ከልጁ ጋር የማስታወቂያ ውል ተፈራረመ። አንድ ዓመት ቀድሞ ቢፈርም ኖሮ ከጨዋታ ይታገድ ነበር። (ዓመቶቹም ወሮቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

በመሃል የተቀየረው ነገር በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኤን አይ ኤል» ይባላል። ስም፣ ምስልና መልክ ለማለት ነው። የአንድን ሰው ማንነት የሚያሳብቅ ሁሉ እዚህ ውስጥ ይገባል፤ ፎቶው፣ ፊርማው፣ ድምፁ፣ አንዳንዴም የማሊያ ቁጥሩ። በብዙዎቹ የአሜሪካ ግዛቶች ባለቤቱ ሳይፈቅድ በስሙ መነገድ አይቻልም። ዘፋኙም፣ ተዋናዩም፣ በዩኒቨርሲቲው ኦርኬስትራ ቫዮሊን የሚጫወተው ተማሪም በስማቸው ገንዘብ ማግኘት ይችላሉ። ኳስ የሚጫወተው ተማሪ ብቻ አይችልም ነበር። እኛ «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን። የእነዚህ ልጆች ስም ግን እነሱ በሕይወት እያሉም የእነሱ አልነበረም።

የዩኒቨርሲቲ ቡድን ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ከክፍል በኋላ ግቢ ውስጥ የሚደረግ የዲፓርትመንቶች ግጥሚያ ነው። አሜሪካ ሌላ ዓለም ነው። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ከ107,000 በላይ ተመልካች ይይዛል። የወንዶች ቅርጫት ኳስ ዓመታዊ ውድድር የቴሌቪዥን መብት በ2010 ለ14 ዓመታት በ10.8 ቢሊዮን ዶላር ተሸጧል። በብዙ ግዛቶች ከመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዢው አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ነው። ስለዚህ «ስፖርቱን ገንዘብ አበላሸው» የሚለው ወቀሳ ለእኔ ብዙም አይዋጥልኝም። ገንዘቡ ድሮም ነበር። የጎደለው ለተጫዋቹ የሚደርሰው ድርሻ ነው።

ይህን ስፖርት የሚያስተዳድረው ማኅበር ኤንሲኤኤ ነው። የተመሠረተው በ1906 ሲሆን፣ መነሻው ያኔ በፉትቦል ሜዳ ላይ ብዙ ወጣቶች መሞታቸው ነበር። ዋና መርሁ ለረጅም ጊዜ አማተርነት ነበር፤ ተማሪው የሚጫወተው ለፍቅሩ እንጂ ለገንዘብ አይደለም የሚል። ከ1951 ጀምሮ ማኅበሩን ከሠላሳ ዓመታት በላይ የመሩት ዋልተር ባየርስ «ተማሪ-ስፖርተኛ» የሚለውን ቃል አመጡ። ቃሉ ሲሰማ ደስ ይላል። የተወለደው ግን ከጠበቆች ጭንቀት ነው። በ1955 ሬይ ዴኒሰን የተባለ፣ በኮሎራዶ ግዛት በሚገኝ ኮሌጅ የሚጫወት ተማሪ በጨዋታ ላይ በደረሰበት ጉዳት ሞተ። ባለቤቱ እንደ ማንኛውም በሥራ ላይ የሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ካሳ ጠየቀች። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1957 «ሠራተኛ አልነበረም» ብሎ መለሳት። ቃሉም የተፈለገው እንዲህ ያለውን የካሳ ጥያቄ ለመከላከል ነበር። ይህን በኋላ የመሰከሩት ራሳቸው ባየርስ ናቸው። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያቋቋሙትን ሥርዓት አጥብቀው ተችተዋል።

ክልከላው አንዳንዴ ያስቃል። በ2013 ጆኒ ማንዜል የተባለው ዝነኛ ተጫዋች ከፈራረማቸው ፎቶዎች ጋር በተያያዘ ግማሽ ጨዋታ ታገደ። ግማሽ! በ2017 ደግሞ የሴንትራል ፍሎሪዳው ዶናልድ ዴ ላ ሄይ ከዩቲዩብ ቻናሉና ከኳሱ አንዱን ምረጥ ተባለ። ዩቲዩቡን መረጠ፤ ስኮላርሺፑም አብሮ ሄደ። አንዳንዴ ደግሞ አያስቅም። በ2014 የቅርጫት ኳስ ቡድኑን ለሻምፒዮንነት ያበቃው ሻባዝ ናፒየር ሳይበላ የሚተኛባቸው ሌሊቶች እንዳሉ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ማሊያው በየሱቁ ይሸጥ ነበር።

ግድግዳውን የሰነጠቀው የቪዲዮ ጌም ነው። ኤድ ኦባነን በ1995 ከዩሲኤልኤ ዩኒቨርሲቲ ጋር የቅርጫት ኳስ ሻምፒዮን ሆኗል። ከዓመታት በኋላ ጓደኛው ቤት ሲሄድ የጓደኛው ልጅ ጌም ሲጫወት አየ። ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ግራኝ ነው፣ ራሱ መላጣ ነው፣ ቁጥሩም 31 ነው። ስሙ አልተጻፈም እንጂ ራሱ ኦባነን ነው። በ2009 ከሰሰ። በ2014 ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን ኤንሲኤኤ የንግድ ውድድር ሕግን ጥሷል ብለው ፈረዱ። በይግባኝ የተሸራረፈ ነገር ቢኖርም መንገዱ ተከፈተ። ጌሙን የሚሠራው ኢኤ ስፖርትስም የኮሌጅ ፉትቦል ጌሙን በ2013 አቆመ። ከጌሞቹ ጋር የተያያዙት ክሶች በስምምነት ሲቋጩ ለተጫዋቾች የተመደበው በድምሩ 60 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ከዚያ ካሊፎርኒያ መጣች። በ2019 ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸውን በስማቸው ገቢ እንዳያገኙ መከልከል አይችሉም የሚል ሕግ አወጣች። ኤንሲኤኤ ቢያስፈራራም ሌሎች ግዛቶች ተከታተሉ። አንድ ተጫዋች የሚመርጠው ውል የሚፈቀድበትን ግዛት ስለሆነ ማንም ወደኋላ መቅረት አልፈለገም። በሰኔ 2021 ደግሞ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አልስተን በተባለ የቀድሞ ተጫዋች ስም በሚጠራው መዝገብ ኤንሲኤኤ ላይ 9 ለ 0 ፈረደበት። ብዙ ሰው የስም ገቢን የፈቀደው ይህ ፍርድ ይመስለዋል። አይደለም። ፍርዱ ስለ ኮምፒውተርና ስለ መሳሰሉት ትምህርት ነክ ጥቅማጥቅሞች ነበር። ዳኛ ካቫና ግን በተጨማሪ ሐሳባቸው ኤንሲኤኤ ከሕግ በላይ እንዳልሆነ ጻፉ። ማኅበሩ መልእክቱ ገባው። ሐምሌ 1 ቀን 2021 ክልከላውን አነሳ።

በዚያው ሌሊት የፍሬስኖ ስቴት መንትያ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ሃናና ሄሊ ካቪንደር ከአንድ የሞባይል ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረሙ። ምስላቸው ኒውዮርክ ታይምስ ስኩዌር ላይ ወጣ። ቲክቶክ ላይ የነበራቸው ተከታይ ከስታዲየሙ ታዳሚ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበር። የመጀመሪያው ሰሞን ውሎች እንዲህ ጨዋታ ያለባቸው ነበሩ። ነብራስካ ላይ ስሙ ዲኮልደስት የሆነ ተጫዋች፣ ትርጉሙ «ከሁሉ ቀዝቃዛው» እንደ ማለት ነው፣ የኤር ኮንዲሽነር ማስታወቂያ ሠራ።

ጨዋታው ብዙ አልቆየም። ሀብታም ደጋፊዎች «ኮሌክቲቭ» የሚባል ድርጅት ማቋቋም ጀመሩ። እቁብ እንዳይመስላችሁ። እቁብ ቢሆን ዕጣው ለእነሱም ይደርስ ነበር። ይህ መዋጮ ነው፤ ገንዘቡ ተሰብስቦ ለተጫዋቾች ይሰጣል። ተጫዋቹ በምላሹ አንድ ቪዲዮ ይለጥፋል፣ ወይም አንድ ዝግጅት ላይ ብቅ ይላል። በወረቀት የስም ክፍያ ነው። በተግባር ደመወዝ ነው። በዚያው ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ዩኒቨርሲቲ መዛወር ስለቀለለ በየዓመቱ ጨረታ ሆነ። ጄደን ራሻዳ የሚባል የ12ኛ ክፍል ልጅ ወደ ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለመሄድ የ13.85 ሚሊዮን ዶላር ውል ነበረው። ገንዘቡ ሳይመጣ ቀረ፤ ጉዳዩም ፍርድ ቤት ደረሰ።

ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው በቀጥታ መክፈል የጀመሩት ሐምሌ 2025 ነው። ግራንት ሃውስ በተባለ ዋናተኛ ስም የሚጠራው ክስ በስምምነት ሲቋጭ ያጸደቁት ያው ዳኛ ዊልከን ናቸው። ከ2016 ወዲህ ለተጫወቱት በ10 ዓመት ውስጥ ወደ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ይከፈላል። ስምምነቱን የተቀበለ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ ማካፈል ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ከ600 ዶላር ጀምሮ ያለ ውልም ተመዝግቦ ይጣራል፤ እውነተኛ ማስታወቂያ ነው ወይስ የተሸፈነ ደመወዝ?

ክፍፍሉ ላይ ሌላ ጠብ አለ። በማስታወቂያው ገበያ ትልቅ ገቢ ያገኙ ሴቶች አሉ። የቅርጫት ኳስ ተጫዋቿ ኬትሊን ክላርክ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ እያለች ከናይኪ ጋር ትሠራ ነበር፤ የሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲዋ ጂምናስት ሊቪ ደን ደግሞ ከኮሌጅ ስፖርተኞች ከፍተኛ ገቢ ካላቸው አንዷ ነበረች። ከዩኒቨርሲቲው የሚወጣው ገንዘብ ግን በአብዛኛው ወደ ፉትቦልና ወንዶች ቅርጫት ኳስ ነው የሚሄደው። ስለ ካሳው አከፋፈል ሴት ስፖርተኞች የ1972ቱን የጾታ እኩልነት ሕግ ጠቅሰው ይግባኝ ብለዋል።

ወደ እኛ ሰፈር የሚጠጋው የቪዛ ጉዳይ ነው። ከኢትዮጵያም ሆነ ከኬንያ በሩጫ ስኮላርሺፕ የሚሄድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው በኤፍ-1 ቪዛ ነው። ይህ ቪዛ ሥራን አጥብቆ ይገድባል፤ የማስታወቂያ ሥራም እንደ ሥራ ሊቆጠር ይችላል። የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲው ኮንጎያዊ የቅርጫት ኳስ ተጫዋች ኦስካር ቺብዌ በ2022 ቡድኑ ለግጥሚያ ባሃማስ ሲሄድ የማስታወቂያ ሥራዎቹን ከአሜሪካ ውጭ እዚያ ሠራ። ሁሉም ቡድን ግን ባሃማስ አይሄድም። ዋሽንግተን ወይም ሚኒሶታ ያደገ ዜግነት ያለው የሐበሻ ልጅ ይህ ጭንቀት የለበትም። እሱ የሚጠብቀው ግብር ነው። በተጨማሪም ገቢው በቤተሰብ አቅም የሚሰጠውን የትምህርት ድጎማ ሊቀንስበት ይችላል። ወላጅ ከመፈረሙ በፊት ይህን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

የኢኤ ጌም በ2024 ተመለሰ። ከ10,000 በላይ ተጫዋቾች ፈቅደው ስማቸው ገባ። ለእያንዳንዳቸው 600 ዶላርና አንድ ቅጂ ተሰጣቸው። በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ የዳርትመዝ ቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች የሠራተኛ ማኅበር ለመመሥረት 13 ለ 2 ድምፅ ሰጡ። ዩኒቨርሲቲው «ተማሪ እንጂ ሠራተኛ አይደላችሁም» ብሎ እንቢ አለ፤ ዓመቱ ሲያልቅም ተጫዋቾቹ ጥያቄያቸውን መልሰው ወሰዱ። ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ የሚከፈለው ተጫዋችም ዛሬ በወረቀት ላይ የሚጠራው ባየርስ ባወጡለት ስም ነው።