«አንድም» ምንድን ነው? የመጽሐፍ ቅዱስን ታሪክ ወደ ውስጥ ማንበብ

ጅማ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከተሰበሰበ፣ ከቡና ዋጋ የተነሳ ወሬ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ባለፈው ቶናው ሲቀዳ አንዲት ተማሪ «ባሕረ ኤርትራ እውነት ተከፍሎ ነው ወይስ ምሳሌ ነው?» ብላ ጠየቀች። የእኛ የቤተ ክርስቲያን የጥንት መምህራን «ወይስ» አይሉም፤ «አንድም» ነው የሚሉት።

መምህሩ ንባቡን አንድ ጊዜ ይፈታና «አንድም» ብሎ ሌላ ፍቺ ይጨምራል፤ ፊተኛው አይሻርም። አንድምታ የሚባለው ትርጓሜ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። አንዳንዶች ከሰምና ወርቅ ጋር አንድ ያደርጉታል፤ እኔ አልስማማም። እዚያ ወርቁ ከተገኘ ሰሙ ቀልጦ ሄደ። አንድምታ ይልቅ ጀንፈላችንን ይመስላል፤ ፍሬው ከነገለፈቱ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ ጣዕሙም ከዚያ ነው። አጠገቤ የነበሩት ሙስሊም ጎረቤታችን «የእኛ ሼኾችም ዛሂርና ባጢን ይላሉ፣ ውጪውና ውስጡ» አሉ።

የኦሪት ዘፀአት ታሪክ ወደ ውስጥ ሲነበብ ግብፅ ልብ የተገዛለት ልማድ ነው፤ ፈርዖን እሺ ብሎ መልሶ የሚከለክል ፈቃድ። ባሕሩን ጥምቀት ያለው ጳውሎስ ራሱ ነው፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 10 ላይ። ለእኔ ግን ዋናው ምድረ በዳው ነው። ዘዳግም 1 ከኮሬብ እስከ ቃዴስ በርኔ የ11 ቀን መንገድ ነው ይላል፤ ሕዝቡ ግን 40 ዓመት ተንከራተተ። ዘኍልቍ 11 ላይ መና እየበሉ የግብፅ ዓሣ፣ ዱባና ሽንኩርት ይናፍቃቸዋል። ጅራፉ ተረስቷል። ጫት ወይም መጠጥ ለመተው የሞከረ ሰው ይህን ምዕራፍ ተርጓሚ ሳይፈልግ ይገባዋል።

ይህ የንባብ መንገድ የቆየ ነው። አይሁዳዊው የእስክንድርያ ፊሎን በ1ኛው ክፍለ ዘመን እንዲህ ያነብ ነበር። በ3ኛው የእስክንድርያው መምህር አርጌንስ (በሌላ ትምህርቱ ቢወገዝም) ቅዱስ መጽሐፍ እንደ ሰው ሥጋ፣ ነፍስና መንፈስ አለው አለ። በ4ኛው ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ የሙሴን ሕይወት የነፍስ ጉዞ አድርጎ ጻፈ። ስዊድናዊው የሃይማኖት ጸሐፊ ስዊድንቦርግ ደግሞ ከ1749 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባሳተመው ሥራ ስድስቱን የፍጥረት ቀናት ሰው በውስጡ ዳግመኛ የሚፈጠርባቸው ደረጃዎች አደረጋቸው። እዚህ ላይ ታሪኩ ራሱ እየሳሳ ይሄዳል፣ ገለፈቱ ቀድሞ ይላጣል።

ልክ ማጣትም አለ። የላቲኑ የቤተ ክርስቲያን መምህር አውግስጢኖስ በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ውስጥ ያለውን የእንግዶች ማረፊያ ባለቤት ጳውሎስ ነው ብሎታል። ለእኔ በዛ። ሽንኩርቱን የጠራው ጽሑፉ ነው፤ ጳውሎስን ማረፊያው ውስጥ ያስገባው ግን ተርጓሚው ነው።