የዓረብ ፈረስን በዘር ሐረግ ማራባት

በዘር ሐረግ ማራባት ማለት አንድ ምርጥ ፈረስ በውርንጭላው አባትም እናትም ወገን እንዲገኝ ሆን ብሎ ማዳቀል ነው። በእኛ አገር ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች ዝምድና እንዳይኖር ብለው እስከ ሰባት ቤት ያስቆጥራሉ። የዓረብ ፈረስ አርቢዎችም ቤት ይቆጥራሉ፤ እነሱ ግን የሚቆጥሩት ዝምድናውን ፈልገው ነው። ዓላማው የዚያን ፈረስ መልክ፣ ጠባይና አረማመድ በልጅ ልጆቹ ላይ ማጽናት ነው።

ቆጠራው የተጀመረው በረሃ ውስጥ ነው። በደዊን የሚባሉት ዘላን ዓረቦች የፈረስን ወገን የሚጠሩት በእናት በኩል ነው። ኩሀይላን፣ ሳቅላዊ፣ ሀምዳኒ፣ ኡበያንና ሀድባን የሚባሉት ወገኖች ስማቸው ከባዝራ ወደ ልጇ ይተላለፋል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የግብፁ ገዥ አባስ ፓሻ ከእነዚህ ፈረሶች ምርጥ ምርጡን ሰበሰቡ። በ1854 (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከተገደሉ በኋላ ስብስቡ ተበተነ። አብዛኛው ዞሮ ዞሮ አሊ ፓሻ ሸሪፍ እጅ ገባ። ከእሳቸው ደግሞ እንግሊዛውያኑ ባልና ሚስት ዊልፍሪድና ሌዲ አን ብለንት ገዙ። ብለንቶች ክራቤት የተባለውን የፈረስ እርባታ በ1878 እንግሊዝ ውስጥ አቋቁመው ነበር። ካይሮ አጠገብም ሌላ ነበራቸው። የግብፅ ንጉሣዊ የእርሻ ማኅበር በ1920 ከክራቤት ፈረሶች መልሶ ገዛ፤ የአያቶቻቸው ደም ወደ ናይል ተመለሰ ማለት ነው።

በዚሁ ማኅበር ጋጣ በ1934 ናዚር ተወለደ። አምባላይ ድንጉላ ነው። የእናቱ አባት ከክራቤት ከመጡት አንዱ ነበር። ናዚር ለዓመታት ብዙም ትኩረት አላገኘም። ሃንጋሪያዊው ጄኔራል ቲቦር ፎን ፔትኮ-ዛንድትነር በ1949 እርባታውን ሲረከቡ ግን ዋና አስጠቂ አደረጉት። በ1960 እስኪሞት ድረስ የወለዳቸው ልጆች ዓለምን አዳረሱ። ልጁ ሀድባን ኤንዛሂ በ1955 ጀርመን፣ ማርባክ የፈረስ እርባታ ገባ። ሌላው ልጁ አስዋን ደግሞ ለአስዋን ግድብ እርዳታ ምስጋና ከግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር ለሶቭየት ኅብረት ተሰጠና በቴርስክ እርባታ ትልቅ ስም አገኘ።

የሐረግ እርባታን ከነስሌቱ ለማየት የአሜሪካኖቹን የዶናልድና የጁዲት ፎርቢስን ሥራ የሚያህል ምሳሌ አላገኘሁም። በ1959 ከግብፅ ሦስት ግልገል ፈረሶችን ገዙ። ሦስቱም የናዚር ልጆች ናቸው፤ እናቶቻቸው ግን የተለያዩ። ከእነሱ መካከል አንሳታ ኢብን ሀሊማን በአባት ብቻ እህቱ ከሆነችው ከአንሳታ ቢንት ማብሩካ ጋር አዳቀሉት። በ1965 አንሳታ ኢብን ሱዳን ተወለደ። ናዚር በአባቱም በእናቱም በኩል አያቱ ነው። በ1971 የአሜሪካ ብሔራዊ ሻምፒዮን ድንጉላ ሆነ።

የዘረመል ሊቁ ሴወል ራይት በ1922 ባወጣው ቀመር የዚህ ፈረስ የዝምድና መጠን ከናዚር በኩል ብቻ 12.5 በመቶ ነው። በሌላ አነጋገር፣ ከ8 የዘረመል ቦታዎቹ በአንዱ ገደማ ሁለቱም ቅጂ ከናዚር የመጣ፣ አንድ ዓይነት ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። የጋራው ዘመድ አንድ ትውልድ ሲርቅና በሁለቱም ወገን ቅድመ አያት ሲሆን መጠኑ ወደ 3 በመቶ ይወርዳል። ብዙ አርቢዎች የሚመርጡት ይህንን ራቅ ያለውን ነው። በእኔ እምነት ልክ ናቸው።

ለሻምፒዮና ብለው ሳይሆን ዘሩ እንዳይጠፋ ብለው የሚደክሙም አሉ። ልቤ ለእነሱ ያደላል። አሜሪካዊው የካርቱን ሠዓሊ ሆመር ዳቬንፖርት በ1906 በሱልጣን አብዱል ሃሚድ ፈቃድ 27 ፈረሶችን በቀጥታ ከበረሃ አመጣ። ከትውልድ በኋላ ንጹሕ ዘራቸው እየሳሳ ሄደ። በ1950ዎቹ ኢሊኖይ ውስጥ ቻርልስ ክሬቨር የቀሩትን ያረጁ ፈረሶች እያፈላለገ መሰብሰብ ጀመረ። ከባለቤቱ ከጂን ጋር ዕድሜ ልካቸውን ከሌላ ደም ሳይቀላቅሉ አራቧቸው። ዛሬ የዳቬንፖርት ፈረስ የሚባል ነገር ያለው በእንዲህ ዓይነት ሰዎች ድካም ነው።

ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ቅርብ ዝምድና መልካሙን ብቻ መርጦ አያጸናም። የተደበቀውን በሽታም ያወጣዋል። በዓረብ ፈረስ ላይ በጣም የሚፈራው የበሽታ መከላከል አቅም ጨርሶ የሌለው ሆኖ የመወለድ ችግር ነው። ውርንጭላው ጤነኛ መስሎ ይወለድና በጥቂት ወራት ውስጥ በኢንፌክሽን ይሞታል። ሌላው እንቅስቃሴን የሚያስተካክለው የትንሹ አንጎል ሴሎች እየሞቱ ፈረሱ ሚዛኑን የሚስትበት ነው። በግብፅ ዘሮች ላይ በብዛት የሚታየው ሦስተኛው ደግሞ ውርንጭላው ፀጉሩ ወይን ጠጅ ወይም ብርማ ሆኖ፣ መቆም አቅቶት የሚወለድበት ነው። ሦስቱም የሚከሰቱት ጉድለቱ ከሁለቱም ወላጆች ሲመጣ ነው። ጉድለቱን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ፈረስ ራሱ ሳይታመም ተሸካሚ ይሆናል፤ ሁለት ተሸካሚዎች ከተዳቀሉ ከ4 ውርንጭላ አንዱ የመታመም ዕድል አለው።

ለመጀመሪያው ችግር የዘረመል ምርመራ የተገኘው በ1997 ነው። ለሌሎቹ ሁለቱም ከዓመታት በኋላ ተገኘ። ዛሬ ሳይመረምር ድንጉላ የሚያስጠቃ ሰው ምክንያት የለውም። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ጨካኝነት ይጠይቃል። መልኩ ቢያምርም ጠባዩ ወይም እግሩ የማያስተማምን ድንጉላ ይኮላሻል። ጥሩ ባዝራ ተሸካሚ ሆና ስትገኝ ግን ቶሎ ማስወገድ ስህተት ነው፤ ጠባቡን ዘር ይበልጥ ያጠበዋል። ከነጻ ድንጉላ ጋር ከተዳቀለች የታመመ አይወለድላትም። ልጆቿ ይመረመራሉ፤ ነጻ የሆኑት ሐረጉን ይቀጥላሉ።