የካላማዙ ጉባኤ፦ ወይኑ፣ ልብሱና ጭፈራው

ካላማዙ በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት፣ በቺካጎና በዲትሮይት መካከል ያለች አነስ ያለች ከተማ ናት። በየዓመቱ በፈረንጆች ሜይ ወር የዌስተርን ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትምህርት ጨርሰው ወደየቤታቸው ይበተናሉ። ጊቢው ጭር ማለት ሲጀምር ሌላ ዓይነት እንግዳ ይሞላዋል። ሻንጣ የሚጎትት፣ መነጽር ያደረገ፣ ስለ ላቲን ብራናና ስለ ድሮ ገዳማት የሚያወራ ሰው ከየአቅጣጫው ይመጣል። ይህ ዓለም አቀፉ የመካከለኛው ዘመን (ከ5ኛው እስከ 15ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ) ጥናት ጉባኤ ነው። የሚመጡት ሰዎች ግን ረጅሙን ስም አይጠሩም። «ዘንድሮ ካላማዙ ትመጣለህ?» ካሉ በቂ ነው።

አዘጋጁ በዚያው ዩኒቨርሲቲ ያለው የመካከለኛው ዘመን ኢንስቲትዩት ነው። ጉባኤው ለመጀመሪያ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። እስከ 1970 በሁለት ዓመት አንዴ ይካሄድ ነበር። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ሆነ። ከኮቪድ በፊት በነበሩት ዓመታት 3,000 የሚጠጋ ሰው ይመጣ ነበር። ከ500 በላይ የውይይት መድረኮችም ነበሩት። አንዱ መድረክ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል። አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ሰዎች በየተራ ሃያ ሃያ ደቂቃ ያነባሉ፣ ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። ጥያቄው ሞቅ ሲል ሰዓቱ ያልቃል። ስለዚህ የቀረው ክርክር ወደ ኮሪደር፣ ወደ ቡናው ወረፋና ወደ ማታው ብርጭቆ ይተላለፋል።

የካላማዙ ዋና ነገርም ያ የተላለፈው ክፍል ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱ ከሙያው ይመነጫል። የመካከለኛው ዘመን አጥኚ ብዙውን ጊዜ በሚያስተምርበት ቦታ ብቸኛ ነው። የአይስላንድን የድሮ ሕግ የሚያጠና ሰው ጎረቤት ቢሮ ያለው ባልደረባው ስለ ቀዝቃዛው ጦርነት ነው የሚጽፈው። የእሱን ነገር ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው ምናልባት ሌላ አገር ነው ያለው። ዓመቱን ሙሉ በኢሜይል ብቻ የሚያውቀውን ሰው ፊት ለፊት የሚያገኘው በእነዚህ ጥቂት ቀናት ነው። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ ያለው ጊዜ (ከኮቪድ በፊት እስከ እሑድ ነበር) ጥናት የሚቀርብበት ብቻ ሳይሆን የሙያ ዘመድ የሚጠየቅበትም ነው።

መኝታው ራሱ ለመቀራረብ የተሠራ ይመስላል። ከተማው ውስጥ ሆቴል የሚይዝ አለ። ብዙው ግን ለረጅም ዓመታት ያረፈው ጎልድስዎርዝ ሸለቆ በሚባለው የጊቢው ክፍል፣ ተማሪዎች በለቀቋቸው ዶርሞች ውስጥ ነው። አልጋው ጠባብ ነው፣ ብርድ ልብሱ ስስ ነው። መታጠቢያ ቤቱ ከጎን ክፍል ጋር የጋራ ነው። ጠዋት ላይ አንዲት የማስተርስ ተማሪ የመታጠቢያውን በር ስትከፍት፣ መጽሐፋቸውን ለፈተና ያጠናችላቸው ፕሮፌሰር ፎጣ ትከሻቸው ላይ ጥለው የጥርስ ብሩሽ ይዘው ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ቁርስ ላይ «አንቺ ምን ላይ ነው የምትሠሪው?» ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው። ከዶርሞቹ በታች ኩሬ አለ። ዝይዎች ይንሸራሸሩበታል። ብዙ የጽሑፍ ትብብር የተጀመረው በዚያ ኩሬ ዳር፣ ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲኬድ በተያዘ ጨዋታ ነው።

አንገት ላይ የሚንጠለጠለው ባጅም የራሱ ታሪክ አለው። ስምና ተቋም ይጻፍበታል። ሰው ሲተዋወቅ ዓይኑ መጀመሪያ ባጁ ላይ ያርፍና ከዚያ ወደ ፊት ይወጣል። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ከተጻፈበት ፈገግታው ይሰፋል። ቋሚ ሥራ የሌለው አጥኚ ይህን ቅጽበት በደንብ ያውቀዋል። ያማል። ሰውየው ዘንድሮ ምርጡን ጥናት ያቀረበ ሊሆን ይችላል። ባጁ ግን ያንን አይናገርም።

ማታ ማታ የወይን ሰዓት ይመጣል። መጽሐፍ አሳታሚዎች፣ ማኅበራትና ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽ ይዘው በነጻ ይጋብዛሉ። አሳታሚው አዲስ ደራሲ ይፈልጋል፣ ወጣቱ አጥኚ አሳታሚ ይፈልጋል። መሀላቸው ያለው የፕላስቲክ ብርጭቆ ነው። ለእኛ ለአማርኛ አንባቢዎች ግን ከወይኑ ይልቅ ሌላው መጠጥ ሳይጥመን አይቀርም። ጉባኤው ላይ የማርና የገብስ መጠጥ የሚቀመስበት ዝግጅት የቆየ ልማድ ነው። እንግሊዞች «ሚድ» የሚሉት የማር መጠጥ የጠጃችን ዘመድ ነው፣ ጌሾ የሌለው ብቻ። በጥንታዊው የእንግሊዝ ግጥም ጀግኖች የሚሰበሰቡበት አዳራሽ በዚህ መጠጥ ይጠራል፣ «የሚድ አዳራሽ» ይባላል። ጠጅ ቤት ማለት ነው። ብርሌ ይዞ ያደገ ሰው ይህን ቃል ለመረዳት ግርጌ ማስታወሻ አያስፈልገውም።

ወደ ልብሱ ልምጣ። «የመካከለኛው ዘመን ጉባኤ» ሲባል ብዙ ሰው ጥሩር የለበሰ ባላባትና ረጅም ቀሚስ የለበሰች እመቤት ይታየዋል። ቀን ላይ የሚታየው ሌላ ነው። ሥራ ፈላጊው ወጣት በሙሉ ልብስ ሽክ ብሏል፣ ቀሚሱም ኮቱም ተተኩሷል። ሥራው የተረጋገጠለት ፕሮፌሰር ጂንስና ስኒከር አድርጎ ይመጣል። በመጠኑ የዘነጡም አሉ። በድሮ ብራና ላይ ያሉ እንስሳት የታተሙበት ክራቫት፣ የቫይኪንግ ጌጥ አስመስሎ የተሠራ የደረት መርፌ፣ በእጅ የተጠለፈ ሻርፕ ይታያል። ትንንሽ ምልክቶች ናቸው። የሚያውቅ ሰው ያያቸውና ወሬ ይጀምራል።

የእውነት የመካከለኛው ዘመን ልብስ ለብሰው የሚመጡም አሉ፤ ልብሱ ግን ለእነሱ የዘወትር ልብስ ነው። መነኮሳት ናቸው። ካላማዙ ለአሥርት ዓመታት የሲስተርሺያን ገዳማት ጥናት ማዕከል ሆና ኖራለች። ስለዚህ መነኮሳትና መነኮሳይያት በነጭ ቀሚስና ከትከሻ ፊትና ኋላ በሚወርድ ጥቁር መደረቢያ አዳራሹ ውስጥ ይታዩ ነበር። እነዚህ መነኮሳት በእኛ አገር ሲታውያን ይባላሉ፣ ኢትዮጵያ ውስጥም ገዳማት አሏቸው። አንዱ አጥኚ ስለ 12ኛው ክፍለ ዘመን የጸሎት ሥርዓት ሲያነብ፣ ያንኑ ጸሎት በዚያው ዕለት ጠዋት ያደረሰ መነኩሴ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይሰማዋል። ለእኔ ከጉባኤው ሁሉ የሚያስቀና ትዕይንት ይህ ነው።

የታሪክ ልብስ ሰፍቶ መልበስ ራሱን የቻለ ትልቅ ባህል አለው። እ.ኤ.አ. በ1966 በካሊፎርኒያ በርክሌይ በአንድ ጓሮ ውስጥ በተደረገ ድግስ የተጀመረ ማኅበር አለ። አባላቱ የመካከለኛውን ዘመን ልብስ ይሰፋሉ፣ ምግቡን ያበስላሉ፣ ፍልሚያውን ይለማመዳሉ። ዛሬ በብዙ አገሮች አባላት አሉት። በእነሱና በዩኒቨርሲቲ አጥኚዎች መካከል የቆየ መጠራጠር አለ። ወጣት አጥኚ እንዲህ ለብሳ ብትታይ «ለጨዋታ የመጣች ናት» እንዳትባል ትፈራለች። ይህ ፍርሃት ትክክል አይመስለኝም። ከማኅበሩ ልምድ ይዘው ወደ ጥናት የገቡ ጎበዝ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ለዚህ ማስረጃው እዚያው ጉባኤው ላይ ነው። ስለ ልብስና ጨርቅ ብቻ የሚመክሩ መድረኮች በየዓመቱ ይዘጋጃሉ። ተሳታፊዎቹ በእጃቸው የሠሩትን አምጥተው ጠረጴዛ ላይ ይዘረጉታል። ጎብኚው ይዳስሳል፣ ገልብጦ ስፌቱን ያያል። ሰማያዊው ዎድ ከሚባል ተክል ቅጠል የወጣ ቀለም ነው፣ ቀዩ ማደር ከሚባል ተክል ሥር፣ ቢጫው ዌልድ ከሚባል ተክል። አንድ ምሳሌ ብቻ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1921 ግሪንላንድ ውስጥ ሄርዮልፍስነስ በተባለ ቦታ የድሮ መቃብር ተቆፈረ። በረዶ ያደረው መሬት የሱፍ ልብሶችን ጠብቆ አቆይቷቸው ነበር። ከልብሶቹ ብዙዎቹ አሁን ኮፐንሃገን ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናቸው። ከወገብ በታች ሦስት ማዕዘን ቁራጮች እየገቡባቸው ታቻቸው እንዲሰፋ ተደርጎ ነው የተሰፉት። ይህን በሥዕል አይቶ መጻፍ ይቻላል። ራሱ ቆርጦ የሰፋ ሰው ግን ስንት ክንድ ጨርቅ እንደሚፈጅ፣ ቁራጩ ለምን እዚያ እንደገባ፣ ልብሱን ለብሶ መቀመጥና ፈረስ መውጣት እንዴት እንደሚሆን ያውቃል። ያ እውቀት ነው።

ቅዳሜ ማታ ሁሉም ይፈታል። መጀመሪያ የቀልድ ጥናቶች የሚነበቡበት መድረክ አለ። አንባቢው ከቀኑ የማይለይ ከባድ ፊት ይዞ፣ በፈጠራ ማስረጃ የተሞላ ጽሑፍ ያቀርባል። ሳቁ የሚመጣው አድማጩ የእውነተኛውን ጥናት ዘዬ ጠንቅቆ ስለሚያውቅ ነው። ቀጥሎ ጭፈራው ይመጣል። ስሙ «ዳንሱ» ብቻ ነው። ለብዙ ዓመታት የተካሄደው በርንሃርድ ሴንተር በሚባለው ሕንፃ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ ነው። ዲጄው ተሳታፊዎቹ በዩኒቨርሲቲ ዘመናቸው የሰሙትን ዘፈን ይለቅላቸዋል። ጫማ ግድግዳ ጥግ ይደረደራል። ቀን ላይ የተማሪዋን ክርክር የነቀፉት ሴትዮ ማታ ከእሷ ጋር ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። ጎበዝ ጨፋሪ ጥቂት ነው። ማንም ግን ስለዚያ አይጨነቅም።

ከአትላንቲክ ማዶ የካላማዙ አቻ ሊድስ ነው። የእንግሊዙ ጉባኤ በ1994 ተጀመረ፣ በጁላይ ይካሄዳል፣ እሱም ዳንስ አለው። ሊድስ ላይ የድሮ ዘመን ገበያ፣ የፍልሚያ ትርዒትና የአዳኝ ወፎች ማሳያ ለከተማው ሰው ጭምር ክፍት ይሆናል። ልብሱ እዚያ ትንሽ ነጻነት አለው።

ይህ ሁሉ ለሁሉም እኩል አይመችም። የማይጠጣ ሰው የወይን ሰዓት ላይ ጥግ ይይዛል። ትኬቱን ከኪሱ የከፈለ ሰው ሁሉንም ቀን መቆየት አይችልም። አዛውንትና ወጣት፣ ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ በአንድ አዳራሽ ሲጠጡ ሥልጣንን መጠቀሚያ የሚያደርግ ሰው እንደማይጠፋ ሴቶች አጥኚዎች ደጋግመው ተናግረዋል። ነጭ ያልሆኑ አጥኚዎችም ተደራጅተው፣ እንደ እንግዳ መታየት ሰልችቶናል ብለዋል። በ2018 ደግሞ ለቀጣዩ ዓመት ጉባኤ የመድረኮች አመራረጥ ላይ ብዙ ሰዎች በግልጽ ደብዳቤ ተቃውሞ አሰሙ። አቤቱታው ተገቢ ነበር። በዳንሱ መደሰትና እነማን ወደ ዳንሱ እንደማይመጡ መጠየቅ አብረው ይሄዳሉ።

ጥያቄው እኛንም ይነካል። «መካከለኛው ዘመን» ለረጅም ጊዜ ምዕራብ አውሮፓ ብቻ ተደርጎ ሲታሰብ ኖሯል። የአፄ ዳዊት መልእክተኞች ግን በ1402 ቬኒስ ደርሰዋል። ከ1973 ጀምሮ በሺዎች የሚቆጠሩ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተቀድተው፣ ቅጂዎቹ በሚኒሶታ ኮሌጅቪል በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃሉ። በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እነዚያን ብራናዎች በመዘርዘርና በማጥናት ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። በቅርብ ዓመታት በካላማዙም በሊድስም ስለዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ጥናቶች ቀርበዋል። ስለ ድሮ ልብስ በሚነገርበት ጠረጴዛ ላይ አንድ ቀን የካህናት ካባና ጥንግ ድርብ ተዘርግቶ ባይ ደስ ይለኛል። እነዚያን ከመቃብር ማውጣት አያስፈልግም፣ በየበዓሉ ይለበሳሉ።

ኮቪድ የ2020ውን ጉባኤ አሰረዘ። የ2021 እና የ2022 ጉባኤዎች በኢንተርኔት ብቻ ተካሄዱ። ጥናቱ በስክሪን ተነበበ፣ ጥያቄውም ተጠየቀ። ከሩቅ አገር ያሉ ሰዎች ያለ ቪዛና ያለ ትኬት መሳተፍ ቻሉ፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኩሬው፣ ወረፋውና ዳንሱ ግን አልነበሩም። በ2023 ሰው በአካልም በኢንተርኔትም ሆኖ ተመለሰ።

ከኮቪድ በፊት ጉባኤው እሑድ ጠዋት ቀስ ብሎ ይበተን ነበር። የመጨረሻዎቹ መድረኮች ላይ ወንበሩ ግማሽ ባዶ ነበር፣ አንባቢውም አድማጩም የማታው ድካም ፊቱ ላይ ነበር። መጽሐፍ ሻጮቹ የቀረውን ዋጋ ቀንሰው ይሸጡ ነበር። በሻንጣው ውስጥ የቀረውን ቦታ በእጁ የሚለካ ሰው ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ይዞ ያመነታ ነበር። በመጨረሻ ሁለቱንም ይገዛ ነበር። ከዚያ ባጁን አውልቆ ኪሱ ይከትና አውቶቡሱ ጋ ለቆሙት ጓደኞቹ ከሩቅ እጁን ያውለበልብ ነበር።