በረዶ የለም የተባለው ለእኛ ነው

ጎንደር ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ፍላሽና ሚሞሪ ላይ ፊልምና ሙዚቃ እጭናለሁ። ፊልም የሚያስጭን ሰው ቆሞ ሲጠብቅ ዝም አይልም። ስለ ኳስ ያወራል። ከኳስ ቀጥሎ፣ የሚያምነኝ ባይኖርም፣ የሚያወራው ስለ ላይቭ ኤይድ ነው፤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም. ሎንዶንና ፊላዴልፊያ ላይ በአንድ ቀን ስለተካሄደው የእርዳታ ኮንሰርት። ወሬውን ያስነሳው እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ እንግሊዙ ኩዊን ባንድና ስለ ዘፋኙ ፍሬዲ ሜርኩሪ የተሠራው «ቦሄሚያን ራፕሶዲ» ፊልም ነው። ኮንሰርቱ ለእኛ ስለተዘጋጀ ሁላችንም ባለቤት ነን፤ ባለቤት ደግሞ የፈለገውን ይናገራል። ባለፈው ቅዳሜ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ፍላሹን እየጠበቀ ከጓደኞቹ ጋር ያወራውን ሰምቼ መታገሥ አቃተኝ።

«ኩዊኖች ተበትነው ነበር፤ ፍሬዲ መታመሙን ሲነግራቸው ታረቁ»

እዚህ ላይ ልጁ አልዋሸም፤ የዋሸው ፊልሙ ነው። ኩዊን አልተበተነም። እ.ኤ.አ. በ1984 አልበም አውጥተው ዓለምን ሲዞሩ ነበር፤ ጥር 1985 ላይ ሪዮ ውስጥ ለትልቅ ሕዝብ ተጫውተዋል፤ የመጨረሻውን የጃፓን ዝግጅት የጨረሱት ላይቭ ኤይድ ሁለት ወር ሲቀረው ነው። ፍሬዲ ለብቻው አልበም በመሥራቱ ጓደኞቹ እንደ ክህደት ቆጠሩበት የሚባለውም አይሆንም። ከበሮ መቺው ሮጀር ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1981፣ ጊታሪስቱ ብራያን ሜይ በ1983 የየራሳቸውን ሥራ ቀድመውት አውጥተዋል።

ሕመሙስ? ኤችአይቪ በደሙ መኖሩን ያወቀው በ1987 አካባቢ እንደሆነ ነው የሕይወት ታሪኩን የጻፉት የሚናገሩት፤ ይኸውም ከኮንሰርቱ ሁለት ዓመት ያህል በኋላ። ለሕዝብ የገለጸው ኖቬምበር 23፣ 1991 ነው፤ በማግስቱ ሞተ። ፊልሙ ሞቱን ወደ ፊት ጎትቶ መድረኩ ላይ አስለቀሰን። እኔም አልቅሻለሁ፤ ደንበኞቼ እንዳያዩኝ ዞሬ ነው እንጂ።

በሌላ በኩል ፊልም ሠሪዎቹ የሎንዶኑን የዌምብሌ ስታዲየም መድረክ ከፒያኖው ላይ እንደተደረደሩት ኩባያዎች ድረስ ለቅመው ሠርተዋታል። ሃያ አንድ ደቂቃ ያህል የፈጀው ዝግጅት ግን ሲኒማ ውስጥ ሁለት ዘፈን ጎድሎበታል።

«ገንዘቡ መፍሰስ የጀመረው ኩዊን ሲወጣ ነው»

ፊልሙ ላይ የእርዳታ መቀበያው ስልክ የሚጮኸው በፍሬዲ ድምፅ ነው። ሰዉ ልቡ ተሰብሮ እጁን የዘረጋበት ጊዜ ተብሎ በብዛት የሚነሳው ግን ሌላ ነው። ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ሠርዞ፣ በዚያ ቦታ ከኢትዮጵያ የመጣ የካናዳ ቴሌቪዥን ምስል እንዲታይ አደረገ። ዘ ካርስ በሚባል ባንድ ዘፈን የታጀበ ምስል ነበር፤ ሞት አፋፍ ላይ ያለች ሕፃን ይታይበታል። ያቺ ሕፃን ብርሃን ወልዱ ናት። አልሞተችም። ጁላይ 2፣ 2005 ሎንዶን ላይ በተደረገው፣ ላይቭ ኤይት በተባለው ሌላ ኮንሰርት የግብርና ተማሪ ሆና መድረክ ወጣች፤ ማዶና እጇን ይዛ ዘፈነች። ፊልም ሠሪ ብሆን የምሠራው ይህንን ነበር።

«ማይክል ጃክሰን እዚያ ዘፍኗል»

አልዘፈነም። ከላየነል ሪቺ ጋር የጻፈው፣ የአሜሪካ ዘፋኞች ለረሃቡ የዘፈኑት «ዊ አር ዘ ወርልድ» ፊላዴልፊያ ላይ መዝጊያ ሆነ እንጂ እሱ አልተገኘም። ፊል ኮሊንስ ሎንዶን ተጫውቶ፣ ኮንኮርድ የሚባለውን ፈጣን አውሮፕላን ተሳፍሮ፣ በዚያው ቀን ፊላዴልፊያ ላይ ደገመ የሚባለው ግን ተረት ቢመስልም እውነት ነው።

«ቦብ ጌልዶፍ በቴሌቪዥን እየተሳደበ ብራችሁን አምጡ አለ»

የኮንሰርቱ አዘጋጅ ጌልዶፍ ተሳድቧል። የተሳደበው ግን አቅራቢው ገንዘብ የሚላክበትን አድራሻ ሊያነብ ሲል፣ አድራሻውን ተወውና ወደ ስልኩ ቁጥር እንሂድ ብሎ ነው። «ብራችሁን አምጡ» ከሚለው ጋር ስድቡን የሰፋው ወሬ ነው።

«አፍሪካ ውስጥ በረዶ የለም»

ይህን ያለው ደንበኛዬ ሳይሆን ከኮንሰርቱ በፊት ለረሃቡ እርዳታ የወጣው ዘፈን ነው፤ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ጽፈውት በአንድ ቀን፣ ኖቬምበር 25፣ 1984፣ ብዙ ዘፋኝ ባንድ ኤይድ በሚል ስም ተሰብስቦ የቀዳው። በእኛ ኅዳር 16 ነበር፤ ጾመ ነቢያት በተያዘ ማግስት። ዘፈኑ ስለ እኛ «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» እያለ ይጠይቃል። መልሱ በአማርኛ አጭር ነው፤ ገና ነው። የእነሱ ገና ሲውል እዚህ ታኅሣሥ 16 ነው፤ የእኛው ልደት ገና 13 ቀን ይቀረዋል።

በረዶውን በተመለከተ፣ እናቴ ዘፈኑን ተርጉሜ ስነግራት «ታዲያ ያን ጊዜ ገብሱን ማን መታው?» አለችኝ። እኛ ጋ በረዶ በክረምት ቆርቆሮ የሚደበድበውም ነው፤ አዝመራ የሚያጭደውም ነው። እሺ፣ ፈረንጆቹ የሚሉት እንደ ጥጥ የሚወርደውን ነው እንበል። ከደባርቅ በላይ ስሜን አለ። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ራስ ደጀን አናቱ ነጥቶ የሚያድርበት ጊዜ አለው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ተጓዥ አዱሊስ ላይ ገልብጦ ያቆየው የአንድ ንጉሥ ጽሑፍ፣ ሠራዊቱ ስሜን ሲገባ በረዶው እስከ ጉልበት ያሰምጥ እንደነበር ይናገራል። በረዶ የለም ከመባሉ ከሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን ይህ ነው። ዘፈኑን ያስነሳው ጋዜጠኛው ማይክል በርክ ኦክቶበር 23፣ 1984 ከኮረም ያቀረበው የቢቢሲ ዘገባ ነው። ዘገባው የሚጀምረው በንጋት ነው፤ ከሌሊቱ አጥንት ሰባሪ ብርድ። ኮረም ደጋ ነች፤ እዚያ የተጠለለው ሰው በረሃብ ብቻ ሳይሆን በቁርም ነው ያለቀው። ዘገባውን አይተው ያዘኑት ሰዎች ረሃቡን ሰሙ፣ ብርዱን አልሰሙም። ቢሆንም ሲያዝኑ ከልባቸው ነበር፤ ይህንን አልነፍጋቸውም።

«ብሩ ሁሉ ጥይት ሆነ»

ቢቢሲ በማርች 2010 ባሰራጨው ዝግጅት ይህን የሚመስል ነገር ተወራ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ ቢቢሲ ራሱ፣ የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለጦር መሣሪያ ውሏል የሚያሰኝ ማስረጃ የለንም ብሎ ይቅርታ ጠይቋል። ወሬው ግን ይቅርታውን አልሰማም።

«ሮክ የፈረንጅ ጩኸት ነው፤ ለእኛ ጆሮ አይሆንም»

ፍሬዲ ሜርኩሪ እ.ኤ.አ. በ1946 የተወለደው ዛንዚባር ነው፤ ወላጆቹ ያወጡለት ስም ፋሩክ ቡልሳራ። ሮክን ያዋለዱትም ጥቁሮች ናቸው፦ በኤሌክትሪክ ጊታር መንፈሳዊ መዝሙር የምትዘምረው ሮዜታ ታርፕ፣ ቸክ ቤሪ፣ ሊትል ሪቻርድ። ጊታሪስቱ ሶሎ ሲገባ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚመላለሰው በአምስት ድምፅ ላይ ነው፤ ፔንታቶኒክ ይሉታል። ትዝታ ሜጀር የምንለው ቅኝትና የእነሱ ሜጀር ፔንታቶኒክ አንድ ናቸው። ይህን ስናገር የማያምነኝ ስለበዛ፣ አንድ ቀን ጠጅ ቤት ውስጥ ለአንድ አዝማሪ የጊታር ሶሎ በስልኬ አሰማሁት። አንዴ ሰማ፤ ሁለተኛው ላይ በመሰንቆው ተከተለው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፦

ስድስት ክር ወጥሮ ፈረንጅ ሲንጫጫ፣
ያንዱ የፈረስ ጭራ ሆነለት መቀጫ።

መቶ ብር ለጠፍኩለት።

ተማሪው ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ ጋሼ፣ ለገና ለልጅቷ የምልክላት አንድ የፍቅር ዘፈን ጫንልኝ» አለኝ፤ ዋም የሚባለውን ባንድ «ላስት ክሪስማስ»። እየሳቅኩ ጫንኩለት። እ.ኤ.አ. በ1984 እንግሊዝ አገር ያ ዘፈን ሁለተኛ ሆኖ የቀረው በዚያው በበረዶው ዘፈን ተበልጦ ነው። የዋሙ ዘፋኝ ጆርጅ ማይክል በሁለቱም ላይ ዘፍኗል፤ ዋሞች የዘፈኑን ገቢ ለእኛው ረሃብተኞች ሰጥተዋል። ይህን ስነግረው ፍላሹን እያየ «ታዲያ ለልጅቷ ልላክላት ወይስ አልላክላት?» አለኝ።