ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር ምንድን ነው?

ፓይተን የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይገጥመዋል። ፓንዳስ የሚባለውን የዳታ መተንተኛ ፓኬጅ በፒፕ (በፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ጫናችሁ፣ ያለ ምንም ችግር ገባ። ኮዱን ስታስነሱት ግን «ፓንዳስ የሚባል ሞጁል የለም» ብሎ ይቆማል። እንደገና ልትጭኑት ስትሞክሩ ደግሞ ፒፕ «ቀድሞውኑ አለ» ይላችኋል። ታዲያ ማንን እንመን? ሁለቱንም።

ኤረሩ ፓኬጁ ኮምፒውተራችሁ ላይ የለም አላለም። አሁን ኮዱን እያስኬደ ያለው ፓይተን፣ እሱ በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ውስጥ አላገኘውም ነው ያለው። ደጋግሞ መጫን የማይፈይደው ለዚህ ነው።

ኢምፖርት ስትሉ ፓይተን ሲስ ፓዝ የሚባል የፎልደር ዝርዝር ይዞ በተራ ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ስክሪፕታችሁ ያለበትን ፎልደር፣ ቀጥሎ ከራሱ ጋር የመጡትን ላይብረሪዎች፣ ከዚያ ፒፕ የሚጭንበትን ሳይት ፓኬጅስ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሦስት ፓይተን መኖሩ ደግሞ የተለመደ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሳይት ፓኬጅስ አለው። ተርሚናል ላይ ያለው ፒፕ የ3.12 ሆኖ፣ ኮድ የምትጽፉበት ቪኤስ ኮድ ደግሞ ኮዱን በ3.10 ሊያስኬደው ይችላል። ቨርቹዋል ኢንቫይሮመንቱን (ለአንድ ፕሮጀክት ብቻ የተለየውን የፓይተን ቦታ) አክቲቬት ሳያደርጉ መጫንም ያው ነው።

ስለዚህ ከምንም በፊት የትኛው ፓይተን እንደሚሠራ እወቁ። ሲስን ኢምፖርት አድርጉና ሲስ ዶት ኤክሰኪዩተብልን ፕሪንት አድርጉት፤ ሙሉ አድራሻው ይወጣል። ያንኑ አድራሻ ተርሚናል ላይ ጻፉና ከኋላው ዳሽ ኤም ፒፕ ኢንስቶል ፓንዳስ በሉ። አሁን ፒፕ ወደ ሌላ ፓይተን የሚሄድበት መንገድ የለም። ጁፒተር ላይ ከሆናችሁ ሴሉ ውስጥ ፐርሰንት ፒፕ ኢንስቶል ማለት ይበቃል።

ስሙንም እዩት። ኢምፖርት የሚደረገው ሲቪ2 ሲሆን የሚጫነው ኦፕን ሲቪ ዳሽ ፓይተን ነው። ፒአይኤል ደግሞ ፒሎው ተብሎ ነው የሚጫነው። እባካችሁ ኤረሩ ላይ ያያችሁትን ስም ዝም ብላችሁ ለፒፕ አትስጡት! ፒፕ ፓኬጆችን የሚያወርድበት ፓይ ፒ አይ ላይ ማንም ሰው ባልተያዘ ስም ፓኬጅ መልቀቅ ይችላል፤ ከታወቀ ፓኬጅ ጋር የሚመሳሰል ስም ይዘው አደገኛ ኮድ የሚለቁ ሰዎችም በተደጋጋሚ ተገኝተዋል። መጀመሪያ የፓኬጁን ዶክዩመንቴሽን እዩ።

የራሳችሁን ፋይል ራንደም ዶት ፓይ ብላችሁ ከሰየማችሁት ደግሞ፣ ፓይተን ከስክሪፕቱ ፎልደር ስለሚጀምር ከራሱ ራንደም በፊት የእናንተን ያገኛል። ያኔ ሞጁሉ ራንድ ኢንት (የዘፈቀደ ቁጥር የሚሰጠው ፈንክሽን) የለውም ይላችኋል። የፋይሉን ስም ቀይሩት፣ አለቀ።

«ይህን ስም ኢምፖርት ማድረግ አልተቻለም» የሚለው ኢምፖርት ኤረር ግን ሌላ ነው። ሞጁል ኖት ፋውንድ ኤረር ከፓይተን 3.6 ጀምሮ ራሱን የቻለ ስም ስላለው ሁለቱን መለየት ቀላል ነው። በኢምፖርት ኤረሩ ጊዜ ሞጁሉ ተገኝቷል፣ ውስጡ ግን የፈለጋችሁት ነገር የለም። ብዙ ጊዜ የቨርዥን ጉዳይ ነው፤ በፒፕ ሾው የተጫነውን ቨርዥን አይታችሁ ኮዱ ከተጻፈበት ጋር አስተያዩት። ቨርዥኑ ልክ ከሆነ ሁለት ፋይሎቻችሁ እርስ በርስ ኢምፖርት እየተደራረጉ እንዳይሆን ፈትሹ።