ክላውዱን ላፕቶፕ ላይ ማስነሳት፦ ከድሬዳዋ ሲታይ

የክላውድ አፕሊኬሽን ፕላትፎርም ኮዱን ተቀብሎ የቀረውን ራሱ የሚሠራ ሥርዓት ነው። ኮዱን ይገነባል፣ ያስነሳል፣ አድራሻ ይሰጠዋል፣ ሲወድቅ መልሶ ያቆመዋል። ብዙውን ጊዜ የሚኖረው ዳታ ሴንተር ውስጥ፣ በብዙ ሰርቨሮች ላይ ተዘርግቶ ነው። ይህንኑ አሳንሶ አንድ ኮምፒውተር ላይ ማስኬድም ይቻላል። ለድሬ ተማሪና ጀማሪ ፕሮግራመር እጅ ላይ ያለው አማራጭ በአብዛኛው ይኸው ነው።

ለምን ቢባል፣ ትልልቆቹ የክላውድ ኩባንያዎች ዳታ ሴንተራቸው ሩቅ ነው። አማዞን ኬፕታውን የገባው በ2020፣ ጉግል ጆሃንስበርግ የገባው በ2024 ነው። ዓመታቱን ሁሉ እዚህ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አካውንት ለመክፈት ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ይጠየቃል፣ ሒሳቡም በዶላር ነው። ሳይጠፋ የተረሳ ሰርቨር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆጥር ያድራል። ላፕቶፕ ላይ ግን የፈለጉትን ያህል ቢያበላሹ ደረሰኝ አይመጣም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የሶፍትዌር ኩባንያው ቪኤምዌር ክላውድ ፋውንድሪ የተባለ ፕላትፎርም በ2011 ሲያወጣ፣ በዚያው ዓመት ማይክሮ ክላውድ ፋውንድሪ የተባለ፣ በአንድ ቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ ኮምፒውተር) የሚጠቃለል ታናሽ ወንድም አስከተለለት። በ2016 ደግሞ ፒቮታል የተባለው ኩባንያ ለላፕቶፕ የሚሆን ፒሲኤፍ ዴቭን አመጣ። ጉግል በ2014 ይፋ ያደረገው፣ አፕሊኬሽኖችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድረው ኩበርኔቲስም በአንድ ማሽን የሚሠራውን ሚኒኩብን ያገኘው በ2016 ነው። ከዚያ ወዲህ ካይንድ፣ ማይክሮኬ8ኤስና ኬ3ኤስ የተባሉ ሌሎች ትንንሽ ኩበርኔቲሶች ተከታትለው መጡ። ዶኩ ከሁሉም የተለየ ነው። ጊት በተባለው የኮድ መያዣና መላኪያ መሣሪያ ኮዱን ስትልክለት ተቀብሎ ያስነሳዋል፣ ሌላ ጣጣ የለውም።

ትልቁ ፈተና ራም ነው። ሚኒኩብ ቢያንስ 2 ጊጋ ነፃ ሚሞሪና 20 ጊጋ የዲስክ ቦታ ይፈልጋል። የሬድ ሃት ኩባንያ ተመሳሳይ ፕላትፎርም፣ ኦፕንሺፍት ሎካል ግን ወደ 10 ጊጋ ሚሞሪና 35 ጊጋ ዲስክ ይጠይቃል። እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ የተገዛ ባለ 8 ጊጋ ላፕቶፕ ይህን አይሸከምም፣ መሞከሩም ድካም ነው። በእኔ ግምት ለእንዲህ ዓይነቱ ማሽን የሚሻለው ኬ3ኤስ ነው። ፋይሉ ከ100 ሜጋ በታች ነው፣ ከእውነተኛው ኩበርኔቲስ የሚያጎድለውም ለተማሪ የሚሰማ አይደለም። ያገለገለ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈተው ማስተካከያ) ገብቶ ቨርቹዋላይዜሽን፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን የማስነሳት ፈቃዱ፣ መብራቱን ይይ። ብዙዎች ቀኑን ሙሉ ከስህተት መልእክት ጋር የሚታገሉት በዚህች አንዲት ቁልፍ ነው።

ሙቀቱም አለ። ድሬ በሰኔ ስትግል ፕሮሰሰሩ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። አቦ፣ ከሰዓት የተጀመረ ግንባታ አያልቅም! ከባዱን ሥራ ለማታ ማቆየት ያዋጣል።

ሌላው ጣጣ ማውረዱ ነው። ፕላትፎርሙ ከመነሳቱ በፊት ብዙ የኮንቴይነር ኢሜጆች፣ ማለትም አፕሊኬሽኑን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር የያዙ ጥቅል ፋይሎች፣ ከኢንተርኔት ይጎትታል። አንዳንዶቹ ከመቶ ሜጋ ያልፋሉ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ የሙከራ አገልግሎቱን በ2022 ድሬ ላይ ከጀመረ ወዲህ የኔትወርክ ምርጫ ሰፍቷል። አዲስ አበባን የቀደምንበት ነገር ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። የኢንተርኔት ጥቅል ግን አሁንም ጥቅል ነው፣ ያልቃል። ከዚህ የባሰው ኢሜጆቹ የሚወርዱበት ዶከር ሃብ በ2020 መጨረሻ ያመጣው የማውረድ ገደብ ነው። ሳይመዘገብ የሚያወርድ ሰው የሚቆጠረው በአይፒ አድራሻው ነው። አንድ የግቢ ዋይፋይ የሚጋሩ ተማሪዎች እንደ አንድ ሰው ስለሚታዩ፣ ጥቂቶቹ ሲያወርዱ የሌሎቹ ድርሻ ያልቃል።

መላው ቀላል ነው። አንዱ በአካውንቱ ገብቶ ያወርዳል፣ ኮንቴይነር በሚያስነሳው ዶከር ፕሮግራም፣ በዶከር ሴቭ ትእዛዝ ወደ ፋይል ይለውጠዋል፣ ፍላሽ ላይ ይጭነዋል። ሌሎቹ በዶከር ሎድ ይከፍቱታል። ሚኒኩብና ካይንድም የተቀመጠ ኢሜጅ በቀጥታ የሚያስገቡበት ትእዛዝ አላቸው።

አድራሻም ያጭበረብራል። ፒሲኤፍ ዴቭ ለአፕሊኬሽኖች የሚሰጠው አድራሻ መጀመሪያ ኢንተርኔት ላይ ተጠይቆ ወደ ራስህ ማሽን የሚመለስ ነበር። ኔትወርክ ሲጠፋ አፕሊኬሽኑ ጉያህ ውስጥ እየሠራ ብራውዘሩ አላገኘሁትም ይላል። በሎካልሆስት የሚያልቅ አድራሻ ከዚህ ይገላግላል፤ ክሮምና ፋየርፎክስ ማንንም ሳይጠይቁ ወደ ማሽኑ ይወስዱታል።

አንድ ማሽን የማያስተምረውም አለ። ካይንድ ብዙ ኖድ (ማሽን) ያለው ክላስተር፣ ማለትም አብረው የሚሠሩ ማሽኖች ስብስብ፣ በኮንቴይነር አስመስሎ ይሠራል፣ አንዱን ገድሎ ሥራው ወደ ሌላው ሲሸሽ ማየት ይቻላል። ላፕቶፑ ራሱ ሲጠፋ ግን ሁሉም አብሮ ይጠፋል። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ የሚያከፋፍለው ሎድ ባላንሰርም ከክላውድ ኩባንያው የሚመጣ ስለሆነ ሚኒኩብ ላይ በመጠባበቅ ላይ እንደሆነ ይቀራል፣ ተነል የሚባለው ትእዛዝ በሌላ መስኮት ክፍት እስኪሆን ድረስ። ኮዱ ወደ እውነተኛው ክላውድ ሲሄድ የሚለወጡት እነዚህ ናቸው፦ ሎድ ባላንሰሩ፣ የዲስክ ማከማቻውና የይለፍ ቃሎቹ። የቀረው የያምል ፋይል (አፕሊኬሽኑ እንዴት እንደሚነሳ የሚጻፍበት) በአብዛኛው እንዳለ ይሄዳል።