ለቤት ሠራሽ ሆርን ስፒከር ድራይቨር ስንመርጥ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጡሩንባ ሲነፋ አስቡት። ከንፈር ብቻውን የሚያወጣው ድምፅ ጎረቤት እንኳ አይደርስም። እየሰፋ በሚሄደው ቧንቧ ውስጥ ሲያልፍ ግን ያው ትንፋሽ መንደሩን ያዳርሳል። የሆርን ስፒከር ሥራም ይኸው ነው። ተራ ስፒከር ከሚሰጠው ኤሌክትሪክ ወደ ድምፅ የሚቀይረው 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። በደንብ የተሠራ ሆርን ይህን 10 በመቶና ከዚያም በላይ ያደርሰዋል።

ሳጥኑን በኮምፔንሳቶና በኮላ እቤታችን መሥራት እንችላለን። ድራይቨሩን፣ ማለትም ማግኔት፣ ኮይል (የሽቦ ጥምጥም) እና ኮን (የሚርገበገበው ሾጣጣ ሽፋን) ያለውን ድምፅ አውጪ ክፍል፣ መግዛት ግን ግድ ነው። ብዙ ልፋት መና ሲቀር የማየው እዚህ ምርጫ ላይ ነው።

«ዋቱ የበዛው ይሻላል»

ከሁሉም በላይ የምሰማው ይህን ነው። ዋት የሚነግረን ድራይቨሩ ሳይቃጠል የሚችለውን ኃይል ነው። የሚያወጣውን ድምፅ አይነግረንም። እሱን የሚነግረን ሴንሲቲቪቲ የሚባለው ቁጥር ነው፤ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል እንደሚሰማ ያሳያል። ባለ 98 ዴሲቤሉ በ1 ዋት የሚያወጣውን ድምፅ ለማውጣት ባለ 88ቱ 10 ዋት ይፈልጋል። ካርቶን ላይ በትልልቁ የሚጻፈውን ፒኤምፒኦ የሚባል የዋት ቁጥር ደግሞ ጭራሽ እርሱት። ሁሉም አምራች የሚስማማበት አለካክ የለውም።

«ሰብዉፈር ቤዝ ስለሚሰጥ ለቤዝ ሆርንም ይሆናል»

በዚህ እኔም ተጎድቻለሁ። ለመጀመሪያው ቤዝ ሆርኔ የገዛሁት ባለ 12 ኢንች የመኪና ሰብዉፈር ነበር። ከባድ ነው፣ ዋጋውም ደህና ነው ብዬ። ብዙ ቅዳሜ እንጨት ስቆርጥ ከረምኩ። ስከፍተው ድምፁ በብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስል ነበር።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪና ሰብዉፈር የሚሠራው ለትንሽ ዝግ ሳጥን ነው። ኮኑ ከባድ ነው፣ ጠርዙ ልል ነው፣ ወደፊትና ወደኋላ ረጅም ርቀት ይሄዳል። ሆርን የሚፈልገው ተቃራኒውን ነው። ቀላል ግን ጠንካራ ኮን፣ እና ኮኑን ጨምድዶ የሚይዝ ማግኔትና ኮይል ያስፈልገዋል።

ይህን ሳትገዙ በፊት የምታውቁበት መንገድ አለ። ከድራይቨሩ መረጃ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ። ኤፍ-ኤስ ኮኑ በራሱ የሚርገበገብበት ፍሪኩዌንሲ ነው፤ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ፣ በኸርዝ ሲለካ። ኪዩ-ኢ-ኤስ ደግሞ ማግኔቱና ኮይሉ ኮኑን ምን ያህል አጥብቀው እንደሚይዙት ይናገራል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን አያያዙ ይጠብቃል። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። ውጤቱ ከ100 ካለፈ ለሆርን ተስፋ አለው። ወደ 50 ከቀረበ የዝግ ሳጥን ሰው ነው። የእኔው ሰብዉፈር 28 ሲካፈል ለ0.56 ነበር፤ 50። ለመድረክ ስፒከር የተሠራ ሌላ 12 ኢንች 45 ለ0.3 ሊሆን ይችላል፤ 150።

ውጤቱን በ2 ስታባዙት ደግሞ ሌላ ነገር ታገኛላችሁ። ወደ ቀጭኑ ድምፅ ስንወጣ፣ ኮኑ በገዛ ክብደቱ እየደከመ የሆርኑ ድምፅ መቀነስ የሚጀምርበት ፍሪኩዌንሲ ነው። ለእኔው 100 ኸርዝ፣ ለመድረኩ 300 ኸርዝ። በብርድ ልብስ የተሸፈነው ድምፅ ምሥጢሩ ይህ ነበር። ዶን ኪል የተባለው አሜሪካዊ መሐንዲስ ይህን ስሌት ለሆርን ሠሪዎች ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እስካሁን ይሠራል።

ሻጩ እነዚህን ቁጥሮች ሊያሳያችሁ ካልቻለ፣ የሞዴሉን ስም ይዛችሁ ራሳችሁ ፈልጉ። ካጣችሁ ተዉት።

«ማግኔቱ ትልቅ ከሆነ ኃይለኛ ነው»

ሁልጊዜ አይደለም። ወሳኙ ኮይሉ በሚንቀሳቀስባት ቀጭን ክፍተት ውስጥ ያለው መግነጢሳዊ ኃይል ነው። መዳፍ የማትሞላ የኒዮዲሚየም ማግኔት ከአንድ ትልቅ የተለመደ የፌራይት ማግኔት እኩል ልትሠራ ትችላለች። በእጅ መዝናችሁ አትፍረዱ።

«ድራይቨሩ ምርጥ ከሆነ ትንሽ ሆርንም ጥልቅ ቤዝ ይሰጣል»

እዚህ ላይ ተፈጥሮ አትደራደርም። የ40 ኸርዝ ድምፅ አንዷ ሞገድ 8.6 ሜትር ትረዝማለች። የሆርኑ አፍ ዙሪያ ደግሞ ወደዚህ ርዝመት መጠጋት አለበት። ክብ አፍ ቢሆን ከጫፍ እስከ ጫፍ 2.7 ሜትር ማለት ነው። የማን ሳሎን ውስጥ ይገባል? የትኛውም ውድ ድራይቨር ይህን አይለውጠውም።

አሜሪካዊው ፖል ክሊፕሽ በ1940ዎቹ ያገኘው መላ እስካሁን ይገርመኛል። ሆርኑን አጣጥፎ የክፍሉ ጥግ ላይ አስቀመጠው። ሁለቱ ግድግዳዎችና ወለሉ የሆርኑ መጨረሻ ሆነው አገለገሉ። በዚህ መንገድ አፉ ሊኖረው የሚገባው ስፋት ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል፤ ከ5.9 ካሬ ሜትር ወደ 0.74 ገደማ። ግን ጥጉ ንጹሕ መሆን አለበት። በር ወይም መስኮት ካለበት፣ ወይም ቁምሳጥን ከያዘው፣ ጨዋታው ይበላሻል። ባዶ ጥግ ለሌለው ቤት የምመክረው ሆርኑን ከ80 ወይም 100 ኸርዝ በላይ እንዲሠራ አድርጎ፣ ከዚያ በታች ያለውን ለዝግ ሳጥን ሰብዉፈር መተው ነው።

«ኪዩው ያነሰ ድራይቨር ቤዝ የለውም»

ይህ ግማሽ እውነት አለው። አንድ ድራይቨር ብቻውን ሙሉውን ድምፅ በሚያወጣባቸው፣ የኮኑ ጀርባ ወደ ሆርን በሚከፈትባቸው ሳጥኖች ብዙ ሰው ይሳባል። የጃፓኑ ፎስቴክስና የእንግሊዙ ላውዘር በዚህ ይታወቃሉ። ለዚህ ሥራ የሚሆኑት አጠቃላይ ኪዩአቸው፣ ማለትም የማግኔቱና የኮኑ ጠርዝ አያያዝ አንድ ላይ ሲታይ የሚሰጠው ቁጥር፣ ብዙውን ጊዜ ከ0.2 እስከ 0.4 ነው። ተራ ሳጥን ውስጥ ብታስገቧቸው ድምፃቸው ይሳሳል። ጎደለ የተባለውን ቤዝ ከኋላ ያለው ሆርን ይሞላዋል። ኪዩው 0.7 የሆነ ድራይቨር እዚያ ከገባ ግን ቤዙ ልቅ ይሆናል፤ እያንዳንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደርስበታል።

«ኮምፕሬሽን ድራይቨር የትኛውም ሆርን ላይ ይገጥማል»

ኮምፕሬሽን ድራይቨር ለመካከለኛና ለቀጭን ድምፅ የሚሠራው ባለ ስስ ሽፋን ዓይነት ነው። መውጫው 1፣ 1.4 ወይም 2 ኢንች ሊሆን ይችላል። የሆርኑ ጉሮሮም ያው መሆን አለበት። ሆርኑ ሊያወጣው ከሚችለው በላይ የወፈረ ድምፅ ከላካችሁበት የሚገፋው አየር ስለሚያጣ ስሱ ሽፋን ከልክ በላይ ይዘልና ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ባለ 1 ኢንቾች ከ1200 እስከ 1600 ኸርዝ ባለው መካከል መጀመር ይስማማቸዋል። አምፕሊፋየሩን በቀጥታ የምታገናኙ ከሆነ ደግሞ መሐል ላይ ወፍራሙን ድምፅ የሚያግድ መከላከያ ካፓሲተር አስገቡ። አምፕሊፋየር ሲበራ የሚሰማው «ዷ» ብቻውን ሽፋኑን ሊገድለው ይችላል።

በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ ምሰሶ ላይ የምናያቸው ሆርኖችስ? ለንግግር የተሠሩ ናቸው። ለዚያ ጎበዝ ናቸው፤ ሳሎን ውስጥ ሙዚቃ ለማዳመጥ ግን ቤዙም ጥራቱም አይበቃም።

«መጀመሪያ ሳጥኑን ልሥራ፣ ድራይቨሩ ይደርሳል»

የሆርኑ ጉሮሮ ስፋትም ሆነ ከኮኑ ጀርባ ያለው ክፍል መጠን የሚወጣው ከድራይቨሩ ቁጥሮች ነው። ሆርንሬስፕ የሚባል በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ። ቁጥሮቹን ስታስገቡ አንድ እንጨት ሳትቆርጡ ውጤቱን በመስመር ይሥልላችኋል። እኔ ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። የዚያን የመኪና ሰብዉፈር ቁጥሮች ሳስገባ፣ መስመሩ ከ100 ኸርዝ በላይ ቁልቁል ወረደ። በጆሮዬ የሰማሁት ድምፅ ነበር። ሰብዉፈሩ አሁን ዝግ ሳጥን ውስጥ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለውን ይዞ ሥራውን በደንብ ይሠራል።